የማይሽር ቍስል አይናቅ

ከሰው አካል ክፍሎች መካከል ባለቤቱ በየቀኑ በዐይኑ የሚያየው ቆዳውን ነው። ልብ ሲደክም፣ ጕበት ሲታመም ወይም ኵላሊት ሲታወክ በሽታው በውስጥ ተሰውሮ ስለሚቆይ ያለ ሐኪም መሣሪያ አይታወቅም። የቆዳ በሽታ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በግልጥ ይታያል፤ እጅም ይነካዋል። ስለዚህ በቆዳ ላይ የሚወጣ ነቀርሳ ከነቀርሳዎች ሁሉ ቀድሞ የሚታወቅና ቀድሞ የሚታከም ሊሆን ይገባው ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። በአገራችን ብዙው በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚቀርበው ቍስሉ ሰፍቶና ሸትቶ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አጥንት ዘልቆ ከቆየ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወራት በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችል የነበረው ነገር በመጨረሻ እግርን ወይም ሕይወትን ያስከፍላል።

የመዘግየቱ ምክንያት በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሽታው ሲጀምር ተራ ቍስል ወይም ኪንታሮት ስለሚመስል «ይሽራል» እየተባለ መተዉ ነው። ሁለተኛው፣ የቆዳ ነቀርሳ የነጮች በሽታ ነው፣ ጥቁር ሰው አይነካም የሚለው አሳብ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር መስፋፋቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ስሕተቶች ገልጦ ማንኛውም ሰው በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ሊፈጽመው የሚችለውን ጥንቃቄ ማመልከት ነው።

ነቀርሳ ማለት ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ስም ለተለያዩ በሽታዎች ሲነገር ኖሯል። «የሳምባ ነቀርሳ» ሲባል የሚታሰበው በተሕዋስያን የሚመጣውና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። እኛ እዚህ ላይ ነቀርሳ የምንለው ግን ካንሰርን ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ከበሽተኛው ጋራ አብሮ መብላትም ሆነ ልብሱን መንካት ጕዳት የለውም።

ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ በዐይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ያለ ማቋረጥ ይታደሳል። ከሥር አዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ እየጠፈጠፉ ይሄዱና በመጨረሻ እንደ ቅርፊት ይረግፋሉ። ይህም ዙር በጤነኛ ሰው በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል። ሕዋሱ መቼ መባዛትና መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያዝዘው በውስጡ ያለው ዘረ መል ነው። ይህ ትእዛዝ በፀሐይ ጨረር፣ በመርዝ ወይም ለብዙ ዓመታት ባልሻረ ቍስል ምክንያት ሲበላሽ ሕዋሱ ማቆሚያ በሌለው አኳኋን ይባዛል። ጎረቤቶቹን ይገፋል፤ ወደ ሥር ይቈፍራል፤ ቆይቶም በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት ባሉት ዕጢዎች በኩል ወደ ሌላ አካል ይሻገራል። ነቀርሳ የሚባለው ይህ ነው።

የቆዳ ነቀርሳ ሦስት ዋና ዋና ዐይነቶች አሉት። አንደኛው ከላይኛው ንጣፍ መሠረት ካሉት ሕዋሳት የሚነሣው ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ሲሆን በነጮች ዘንድ ከሁሉ የበዛው እርሱ ነው። ሁለተኛው ከጠፍጣፎቹ ሕዋሳት የሚነሣው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ነው። ሦስተኛው ቀለም ከሚሠሩት ሕዋሳት የሚነሣው ሜላኖማ ነው። በጥቁር አፍሪቃውያን ዘንድ ከሦስቱ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው፣ ስኳመስ የተባለው ስለሆነ ጽሑፋችን በይበልጥ የሚያተኵረው በእርሱ ላይ ነው።

ጥቁር ቆዳና ፀሐይ

ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይጠብቃል መባሉ እውነት ነው። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት በነጭም ሆነ በጥቁር ሰው ቆዳ ላይ ቍጥራቸው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚሠሩት ቀለም ብዛትና ዐይነት ነው። ሜላኒን የሚባለው ይህ ቀለም በሕዋሱ አስኳል ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ይመክታል። ስለዚህ ፀሐይ ብቻዋን የምታመጣው የቆዳ ነቀርሳ በጥቁር ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።

ነገር ግን ይህ ጃንጥላ የሚከለክለው ፀሐይን ነው እንጂ ነቀርሳን በሙሉ አይደለም። በሽታው በሌላ በር ሲመጣ ሊያግደው አይችልም። ደግሞም ይህ ጃንጥላ ሳይኖራቸው የተወለዱ ወገኖች በመካከላችን አሉ። እንግዲህ በኛ አገር ይህ ነቀርሳ የሚገባባቸውን ሁለት ዋና መንገዶች ለየብቻ እንመልከት። አንዱ አሮጌ ቍስልና ጠባሳ ነው፤ ሌላው ቀለም የሌለው ቆዳ ነው።

አንደኛው መንገድ፤ አሮጌ ቍስልና ጠባሳ

ዣን ኒኮላ ማርዦለን የተባለ የፈረንሳይ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1828 እ.ኤ.አ. በአሮጌ ጠባሳ ላይ ስለሚነሣ ክፉ ቍስል ጻፈ። ከጊዜ በኋላም በጠባሳና በማይሽር ቍስል ላይ የሚበቅለው ነቀርሳ በስሙ «የማርዦለን ቍስል» ተባለ። ይህ ዐይነቱ ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ስኳመስ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሚፈጀው ዘመን ነው። ሰውየው በሕፃንነቱ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ነቀርሳው እስኪነሣ ድረስ ብዙ ጊዜ ሀያና ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ያልፋል። ስለዚህ በሽተኛው የዛሬውን ቍስል ከጥንቱ ቃጠሎ ጋራ አያያይዘውም።

ሙቀት ብቻውን እንኳ ለረዥም ዘመን ሲደጋገም ቆዳን እንደሚያበላሽ የካሽሚር ሰዎች ታሪክ ያስረዳል። በዚያ ተራራማ አገር ሰዎች ብርድ ሲሆን «ካንግሪ» የሚባል ፍም የተሞላ የሸክላ ዕቃ በልብሳቸው ሥር ይዘው ይሞቃሉ። ይህን ልማድ ለብዙ ዓመታት ከያዙት መካከል አንዳንዶቹ በሆዳቸውና በጭናቸው ቆዳ ላይ ስኳመስ ነቀርሳ ይወጣባቸዋል፤ ሐኪሞችም «የካንግሪ ነቀርሳ» ብለውታል። በኛ አገር ደግሞ በብዙ ቤት እሳት የሚነደው በመሬት ላይ በተተከለ ጕልቻ መካከል ነው። የሚድኸው ሕፃን ፍም ላይ ይወድቃል፤ የፈላ ውሃ ይገለበጥበታል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ከምድጃው አጠገብ ሳለ በሽታው ሲነሣበት ይቃጠላል። ቃጠሎው ቢሽርም ቆዳው እንደ ቀድሞው አይሆንም። በተለይ በጕልበት፣ በክርንና በቍርጭምጭሚት ላይ ያለ ጠባሳ በታጠፈ ቍጥር ይሰነጠቃል፤ ይሽራል፤ ደግሞ ይሰነጠቃል። ነቀርሳው የሚያደባው በእንደዚህ ዐይነቱ ስፍራ ነው።

ከእሳት ጠባሳ በቀር ሌሎችም አሉ። ለዓመታት መግል የሚያወጣ የአጥንት ቍስል፣ በባት ላይ የሚቆይ የማይሽር ቍስል፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜቱ በጠፋ ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ቍስል ሁሉ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። የሥጋ ደዌው በመድኃኒት ፈጽሞ ቢድንም የእግሩ ስሜት ላይመለስ ስለሚችል ሰውየው ጠጠር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው አያውቅም። ቍስሉም አያመውም። «አያመኝም» ማለት ግን «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም። ይህን ቃል በልባችን መያዝ ይገባናል፤ የቆዳ ነቀርሳ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምምምና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በልጅነቱ ከጕልበቱ በታች የተቃጠለ አንድ ገበሬ አለ እንበል። ዕድሜው ሃምሳ ሲደርስ ጠባሳው ላይ ትንሽ ቍስል ይወጣና አልሽር ይላል። ከተማ የሚማረው ልጁ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ «አባባ፣ ይህ ቍስል ለፋሲካ ስመጣም ነበረ፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ይለዋል። አባቱም፣ «ተወው ልጄ፣ የቆየ ጠባሳ ነው፤ ብርድ ሲነካው ይነሣብኛል» ብሎ ይመልሳል። አባትየው ራሱን ለማጽናናት የተናገረው «የቆየ ነው» የሚለው ቃል ለሐኪም ግን ዋናው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። የቆየ ጠባሳ እንደገና ሲቈስል ከአዲስ ቍስል ይልቅ ያስፈራል። ተማሪው ይህን ካወቀ ዝም ብሎ ወደ ትምህርቱ አይመለስም።

ሁለተኛው መንገድ፤ ቀለም የሌለው ቆዳ

አልቢኒዝም ሜላኒን የሚባለውን ቀለም ሰውነት በሚገባ መሥራት ሳይችል ሲቀር የሚገኝ የተፈጥሮ ሁኔታ ነው። ከለምጽ የተለየ ነው፤ ለምጽ ከተወለዱ በኋላ በቦታ በቦታው ቀለም ሲጠፋ የሚታይ ሲሆን አልቢኒዝም ግን አብሮ የሚወለድ ነው። ቆዳ፣ ጠጕርና ዐይን ቀለም ያንሳቸዋል፤ የማየት ኀይልም ይደክማል። እርግማን አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም። የእናትም ኀጢአት አይደለም። ከእናትም ከአባትም የተሸሸገ አንድ አንድ የዘር ምልክት ሲገናኝ የሚሆን ነው። ሁለቱ ወላጆች በመልካቸው ምንም ሳይታይባቸው ይህን ይዘው ከተገኙ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ይወለዳል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚገልጠው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ17 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሰው አንዱ አልቢኒዝም ሲኖርበት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ግን ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሰው አንዱ ይኖርበታል።

እንግዲህ ብርቱ ፀሐይ ባለበት አህጉር የፀሐይ መከላከያ የሌለው ቆዳ በብዛት ይገኛል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ብዙው ሕዝብ የሚኖረው በደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ ሜትር በተወጣ ቍጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ 2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የሚደርስባት ጨረር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ሰው አይጠነቀቅም። የሚያሞቀው ጨረርና ቆዳን የሚጐዳው ጨረር የተለያዩ ናቸው። ብርድ ባለበት ደጋ ላይም ቆዳ ይቃጠላል፤ ስስ ደመናም ከጨረሩ አብዛኛውን ያሳልፋል።

አልቢኒዝም ያለበት ሕፃን ካልተጠበቀ ገና በልጅነቱ ፊቱ፣ ጆሮው፣ አንገቱና የእጁ ጀርባ ይሻክራል። እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክሩ፣ ቢላጡም ተመልሰው የሚመጡ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። እነዚህ የነቀርሳ ዋዜማ ናቸው። ከዚያም በሀያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በፊት ነቀርሳው ራሱ ይከተላል። ብዙዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ለወገን በሚጠቅሙበት ሰዓት የሚቀጠፉት በዚህ ነው። ይህ ሞት ግን በባርኔጣ፣ በእጅጌና በቅባት አብዛኛውን ጊዜ ሊቀር የሚችል ሞት ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል «ኪሊሰን» የተባለ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእነዚሁ ሰዎች ተብሎ መሠራቱ ነገሩ በአፍሪቃ ምድር በአፍሪቃውያን እጅ ሊፈጸም እንደሚችል ያሳያል።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ቃል ማከል ይገባል። ቆዳን ለማንጣት ተብለው የሚሸጡ ቅባቶች ተፈጥሮ የሰጠችንን ጃንጥላ በገዛ እጃችን የሚያስጥሉ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሜርኩሪና ሌላም ብርቱ መድኃኒት ያለባቸው አሉ። በሴኔጋል ይህን ቅባት ለብዙ ዓመታት ሲቀቡ በኖሩ ሴቶች አንገትና ሌላም ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ስኳመስ ነቀርሳ መውጣቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። በተፈጥሮ ያላገኘው ሰው በብዙ ድካም የሚፈልገውን ጥላ፣ ያገኘው ሰው በገንዘቡ ቢያስወግደው ያሳዝናል።

በምን ይታወቃል?

ምልክቶቹን ለማስታወስ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ከሚከተሉት አንዱን ያየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፤ አራት ሳምንት አልፎት ያልሻረ ቍስል። ጤነኛ ቆዳ በአንድ ወር ይታደሳል ብለናል። ስለዚህ ትንሽ ቍስል ከዚህ በላይ ከቆየ ምክንያቱ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ እየሸረ እንደገና የሚቈስል፣ በትንሽ ንክኪ የሚደማ፣ ቅርፊት እየያዘ የሚላጥ ስፍራ።

ሦስተኛ፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ የጠነከረ ቍስል፣ ወይም እንደ አበባ ጐመን እየፈነዳ የሚያድግ ሥጋ።

አራተኛ፤ ለዓመታት ባንድ ሁኔታ የቆየ ቍስል ወይም ጠባሳ ጠባዩን ሲለውጥ። ከሰፋ፣ ፈሳሹ ከበዛ፣ ከቀድሞው የተለየ ሽታ ካመጣ ወይም አዲስ ሕመም ከተሰማው ቀን መቍጠር አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ መሄድ ነው።

አምስተኛ፤ በታችኛው ከንፈር ወይም በጆሮ ላይ የሚወጣ የማይለቅ ቅርፊትና ጓጐላ።

ስድስተኛ፤ ቍስሉ ባለበት ወገን በብሽሽት፣ በብብት ወይም በአንገት ላይ ጠጣር ንፍፊት መውጣት። ይህ በሽታው ከቦታው መነሣቱን ሊያመለክት ስለሚችል የዘገየ ምልክት ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ አይገባም።

የመጽሐፍ ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ቆዳ ላይ ያለውን ነቀርሳ ስለሚያሳዩ «ቀይ እብጠት» የሚል ይነበባል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ መጠንከሩን፣ ማደጉንና አለመሻሩን መመልከት ይበልጣል።

ሜላኖማ የተባለውንም ሳንጠቅስ አናልፍም፤ በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየውን ውስጥ እግርንና የጥፍርን ሥር ይመርጣልና። የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት በሽታ በመጀመሪያ የእግር ኳስ ጕዳት መስሎ ነበር። እርሱ በ1978 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጐብኝቷል። ነቀርሳው ግን ወደ ሌላ አካሉ ተሠራጭቶ በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ማያሚ ከተማ ውስጥ ዐረፈ። ስለዚህ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር የሚታይ አዲስ ጥቁር ምልክት፣ በተለይም የሚሰፋ ከሆነ፣ «ምታት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

በወር አንድ ቀን ገላን ሲታጠቡ ሰውነትን ከራስ ጠጕር እስከ ውስጥ እግር መመልከት መልካም ልማድ ነው። የማይታየውን ስፍራ፣ ይኸውም የጆሮን ኋላ፣ ማጅራትን፣ ጀርባንና በእግር ጣቶች መካከል ያለውን፣ በመስተዋት ወይም በቤተ ሰብ ዐይን ማስመርመር ይቻላል። ለአረጋውያን ወላጆች ይህን ማድረግ የልጆች ድርሻ ነው።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው ከሐኪም የሚሸሸው «ነቀርሳ በብረት ሲነካ ይባባሳል» የሚለውን ወሬ በመስማት ነው። ይህ እውነት አይደለም። ሐኪሙ ስፍራውን በመርፌ ያደነዝዝና ከቍስሉ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ይቈርጣል። ይህ ሥጋ በማጕያ መነጽር ወይም ማይክሮስኮፕ ይመረመራል። የበሽታው ስም በርግጥ የሚታወቀው በዚህ ምርመራ እንጂ በዐይን ግምት አይደለም። ነቀርሳ ሆኖ ከተገኘ በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ቆዳ ጋራ ተቈርጦ ይወጣል። ገና ትንሽ ሳለ ከተቈረጠ ከ100 በሽተኞች ከ90 የሚበልጡት ይድናሉ። ወደ ዕጢዎች ከተሻገረ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም እግርን መቍረጥና የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን በመሳሰሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። እንደዚህም ሆኖ ወረፋው፣ መንገዱና ወጪው ለድኻ ቤተ ሰብ ከባድ ነው። ቀድሞ መሄድ ሕይወትን ብቻ ሳይሆን በሬንና መሬትንም ከመሸጥ ያድናል።

የቆዳ ሕክምናን በተመለከተ በአገራችን ስሙ የታወቀው አለርት ሆስፒታል ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልነት ተቋቁሞ ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች የሚታከሙበት ሆኗል። ነገር ግን ሁሉ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ተመልክቶ ወደ ሚቀጥለው ሆስፒታል በደብዳቤ ሊልከው ይችላል። ዋናው ነገር የመጀመሪያውን ርምጃ መራመድ ነው።

እንዴት ይከለከላል?

በ1775 እ.ኤ.አ. ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ሐኪም ከልጅነታቸው አንሥቶ የጭስ መውጫ በሚጠርጉ ሠራተኞች ብልት አካባቢ ቆዳ ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ከጥላሸት የመጣ መሆኑን ገለጠ። ይህ ግኝት ነቀርሳ ሁልጊዜ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ መዓት አለመሆኑን አስተማረ። ምክንያቱ ከታወቀ መንገዱን መዝጋት ይቻላል።

የመጀመሪያውን መንገድ የምንዘጋው ከእሳት በመጠበቅ ነው። ምድጃን ከመሬት ከፍ ማድረግ ወይም በአጥር መከለል፣ ሕፃንን ከእሳት አጠገብ ብቻውን አለመተው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ዘመድ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ መርዳት ያስፈልጋል። የተቃጠለን ስፍራ ወዲያውኑ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማብረድ እንጂ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የቡና ዱቄት መለጠፍ አይገባም። ሰፊና ጥልቅ ቃጠሎ በራሱ ጊዜ እንዲሽር ከመተው ይልቅ ቆዳ እንዲተከልለት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ኋላ ከሚመጣው ጣጣ ያድናል። የእግርን ቍስል በንጽሕና መያዝ፣ ስሜት በሌለው እግር ላይ ልክ የሆነ ጫማ ማድረግና በየማታው መመልከት ደግሞ ሌላው ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የምንዘጋው በጥላ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከቀጥተኛ ፀሐይ መሸሽ ይገባዋል። ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት፤ ጥላው ከቁመቱ ባጠረ ጊዜ ፀሐይዋ ብርቱ ናት ማለት ነው። ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ጆሮንና አንገትን ስለሚያጠላ ከፊት ብቻ ምላስ ካለው ቆብ እጅግ ይሻላል። ልብሱ እጅጌው ረዥምና ሽመናው ጥብቅ ይሁን፤ ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። ጃንጥላና የፀሐይ መነጽርም ይጠቅማሉ። ልብስ የማይሸፍነውን ስፍራ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ በተጻፈበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባትና በየሁለት ሰዓቱ መድገም ነው። ቅባቱ ዋጋው ለብዙ ቤት የሚከብድ ስለሆነ ባርኔጣና ልብስ ይቅደሙ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲልም ይህን ቅባት ማዘዝ ከሽቶ ይልቅ ይጠቅማል።

የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ድርሻ

እስካሁን የጠቀስነው ሁሉ በአንድ ቤተ ሰብ ፈቃድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ባርኔጣ ማድረግ ሥርዐት ማጕደል ነው ብሎ ተማሪውን ባዶ ራሱን በሰልፍ የሚያቆም መምህር፣ ሳያውቅ ለበሽታው በር ይከፍታል። አልቢኒዝም ያለባት ተማሪ ከመስኮት ርቃ ጥላ ባለበት፣ ሰሌዳውም በሚታያት በፊተኛው ወንበር ብትቀመጥ፣ ስፖርቱ በጧት ወይም ወደ ማታ ቢሆንላት፣ ትምህርት ቤቱ ምንም ወጪ ሳያወጣ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ ጤናዋንና ትምህርቷን። ሠራተኛ የሚመድብ ወጣት ሹምም እንዲሁ ነው። አልቢኒዝም ያለበትን ሰው ለበር ጥበቃ ወይም ለመስክ ሥራ መመደብና በቢሮ ውስጥ ማሠራት ለመዝገቡ አንድ መስመር ነው፤ ለሰውየው ግን የዕድሜ ልዩነት ነው። ይህ ችሮታ ሳይሆን አስተዋይ አስተዳደር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወሰነው መሠረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰኔ 6 ቀን (ጁን 13) ስለ አልቢኒዝም ዕውቀት የሚስፋፋበት ቀን ሆኖ ይከበራል። ቀኑ በስብሰባና በንግግር ብቻ እንዳያልፍ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ክበባት አንድ አንድ ሰፊ ባርኔጣ ለሚያስፈልገው ልጅ ቢያቀርቡ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሆናል።

ለተማሪዎች የምናሳስበው ሌላው ነገር ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ የምትይዙት ዕውቀት ነው። በመንደራችሁ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ የባት ቍስል ያለበት ጎረቤት፣ ጠባሳው እንደገና የደማበት አጎት፣ ከፀሐይ የማትጠበቅ ነጭ ጠጕር ያላት ሕፃን አይጠፉም። ስለ ሕዋስና ስለ ዘረ መል መተረክ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። «ይህ ቍስል ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ አራት ሳምንት ካለፈውም ተያይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ይበቃል። አፍሮ ወይም ፈርቶ የሸፈነውን ሰው በተግሣጽ ሳይሆን በማክበር መለመን ይገባል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የቆዳ ነቀርሳ ደግሞ ራሱ ሳይደበቅ፣ እኛው በጨርቅና በቸልታ የምንደብቀው በሽታ ነው። ጨርቁን ገልጦ በጊዜው ያሳየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ማታ ገላችንን ስንታጠብ የራሳችንን፣ ነገም የወላጆቻችንን ቆዳ እንመልከት።